ዕቁብ ወጣልኝ፤ ለፒኤምፒ ላውለው?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አንድ አማካሪ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ቴክኦፍ (ከንድፍ ላይ የሥራ መጠን ማውጣት) ስሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገነባ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሳይት ኢንጂነር ነኝ። ሰሞኑን 120 ሺህ ብር ዕቁብ ወጣልኝ። አንድ ማሠልጠኛ 70 ሺህ ከከፈልሽ በሁለት ወር ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት አመራር ሰርተፍኬት ይዘሽ ትወጫለሽ፣ ፎርሙንም እኛ እንሞላልሻለን፣ የተረፈው 50 ሺህ ለፈተናው ይበቃሻል፣ ደመወዝሽም እጥፍ ይሆናል አለኝ። ዱባይ ያለችው እህቴም ያለሱ እዚህ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም ትላለች። ላውጣው?»

መልስ፦ አታውጪው። ቢያንስ ዘንድሮ አታውጪው። ፒኤምፒ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ግን ከነገሩሽ ውስጥ ልክ ያልሆነው ይበዛል፤ ያ ደግሞ ገንዘብሽን ይበላል።

ከወረቀቱ ባለቤት እንነሳ። ፒኤምፒን የሚሰጠው አንድ ተቋም ብቻ ነው። ስሙ ፒኤምአይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ፤ ይህን ሰርተፍኬት መስጠት የጀመረው በ1984 ነው። አዲስ አበባ ያለ ማሠልጠኛ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ፒኤምፒ ሊሰጥሽ አይችልም። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛን አስቢው። መሪ ያስይዝሻል፣ መንገድ ላይ ያለማምድሻል፤ መንጃ ፈቃዱን የሚሰጥሽ ግን ሌላ ነው። ማሠልጠኛው የሚሰጥሽ «ይህን ያህል ሰዓት ተምራለች» የሚል ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ከንቱ አይደለም። ፒኤምአይ 35 ሰዓት የፕሮጀክት አመራር ሥልጠና ስለሚጠይቅ ለዚያ ያገለግልሻል። ነገር ግን ለ35 ሰዓት ትምህርት 70 ሺህ ብር ትከፍያለሽ ማለት ነው። ወደ ዋጋው እመለሳለሁ።

ሁለተኛው የመብቃት ጉዳይ ነው። ለፈተናው ማንም ተነስቶ አይቀመጥም። እንዳንቺ ዲግሪ ያለው ሰው ፕሮጀክት የመራበት 36 ወር ማሳየት አለበት። «ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ 36 ወር ሞላኝ» ብለሽ ይሆናል። አልሞላሽም። የመጀመሪያው ዓመት ቴክኦፍ ነው፤ ሌላ ሰው የሚመራውን ሥራ መጠን ስታወጪ ነበር። ጠቃሚ ሙያ ነው፤ መምራት ግን አይባልም። ሳይት ላይ ያሳለፍሻቸው ሁለት ዓመታት የተለዩ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ራሱን ያሳንሳል። «እኔ እኮ ሳይት ኢንጂነር እንጂ ፕሮጀክት ማናጀር አይደለሁም» ይላል። ተቋሙ የሚያየው ማዕረግሽን ሳይሆን ሥራሽን ነው። የሳምንቱን ሥራ ያቀደው ማነው? ከንዑስ ተቋራጩ ጋር ቀን የተከራከረው ማነው? ሲሚንቶ ሲጠፋ የሥራውን ቅደም ተከተል ያገለባበጠው ማነው? አንቺ ከሆንሽ ያ መምራት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በአንድ ወር ሁለት ሳይት ብትይዢም የሚቆጠርልሽ አንድ ወር ነው። ስለዚህ በጥሩ ሁኔታ ከተመዘገበ 24 ወር ገደማ አለሽ። የጎደለሽ አንድ ዓመት ነው።

«ፎርሙን እኛ እንሞላልሻለን» ያሉሽ ይህን ጉድለት ስለሚያውቁ ይመስለኛል። በዚህ ነገር ጠንቀቅ በይ። ፒኤምአይ ከሚቀርቡለት ማመልከቻዎች የተወሰኑትን በዕጣ እየመረጠ ይመረምራል። ዕጣው ከወጣብሽ (ይሄኛው እንደ ዕቁቡ አያስደስትም) በ90 ቀን ውስጥ ማስረጃ ታቀርቢያለሽ፤ በፎርሙ የጠቀስሻቸው አለቆችም ሥራውን መሥራትሽን በፊርማቸው ያረጋግጣሉ። ያልሠራሽውን የጻፈልሽ ማሠልጠኛ ያን ቀን አጠገብሽ አይገኝም። ስሙ የሚበላሸው ያንቺ ነው።

ወደ ገንዘቡ። የፈተናው ክፍያ ለተቋሙ አባል ከ400 ዶላር በላይ ነው፤ አባል ላልሆነ ከ550 ዶላር በላይ። አባልነቱም የራሱ ዓመታዊ ክፍያ አለው። ባንክ ዛሬ ዶላር የሚሸጥበትን ዋጋ አይተሽ አባዢው፤ 50 ሺህ ብር እንደማይበቃ በአንድ ደቂቃ ታውቂዋለሽ። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያው ፈተና በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ቢኖርሽ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልግሻል። አብዛኛው ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ያስከፍላል፤ እህትሽ እዚህ ላይ ትጠቅምሻለች። ከወደቅሽ ለድጋሚው ትከፍያለሽ። ማመልከቻሽ ከተፈቀደ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ትችያለሽ። ካለፍሽ በኋላም አያበቃም። በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ አሟልተሽ፣ የማደሻ ክፍያ ከፍለሽ ታድሺዋለሽ። ማሠልጠኛዎች ስለዚህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እንደ ዲግሪ አንዴ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ የምትረሺው ወረቀት አይደለም።

ፈተናው ራሱ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ በዋለው ይዘት 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር። በአማርኛ አይሰጥም፤ እንግሊዝኛው ደግሞ በፍጥነት መነበብ አለበት። አብዛኛው ጥያቄ ሸምድደሽ የምትመልሺው አይደለም። ታሪክ ይነግርሽና «ፕሮጀክት ማናጀሩ መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት?» ይልሻል። ከግማሽ የማያንሰው ደግሞ አጃይል (ሥራን በአጭር በአጭር ዙር ከፋፍሎ እያስተካከሉ መሄድ) ወይም ከተለመደው አሠራር ጋር የተቀላቀለው ቅይጥ በሚባለው ላይ ያተኩራል። እሱ ከሶፍትዌር ሰፈር የመጣ ነው፤ አንቺ ኮንክሪት ስትሞዪ አጋጥሞሽ አያውቅም።

የኛን ሰው የሚጥለው ግን እሱ አይደለም። የሚጥለው የሳይት ጠባዩ ነው። እንዲህ እንበል። የብረት አቅራቢሽ ደውሎ ዋጋ ጨምሯል፣ ጭነቱም ሁለት ሳምንት ይዘገያል አለሽ። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? እኛ ጋ መልሱ የታወቀ ነው፤ ለባለቤቱ ይደወላል። ባለቤቱ ካላነሳ መርካቶ ሰው ይላካል። ፈተናው ውስጥ ሁለቱም መልሶች ከምርጫዎቹ መሐል ተቀምጠው ይጠብቁሻል፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፈተናው የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ ረጋ ይላል። ይህ ስጋት አስቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ያያል። መዘግየቱ የትኛውን ሥራ እንደሚነካ፣ ስንት ቀንና ስንት ብር እንደሚያስወጣ ያሰላል። ከሚመለከታቸው ጋር ይነጋገራል። ወደ አለቃ የሚሄደው ከሥልጣኑ በላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም አማራጭ ይዞ ነው። ሰዎችን ለዚህ ፈተና ሳዘጋጅ 15 ዓመት ሳይት ላይ የቆዩ መሐንዲሶች እዚህ ላይ ሲናደዱ አይቻለሁ። «እንዲህ የሚሠራ ሰው የት አለ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ የለም። ግን እላችኋለሁ፣ ለእኔ የፒኤምፒ ትልቁ ጥቅም ይኸው ንዴት ነው። በስልክ ጥሪ መምራት የለመደ ሰው፣ ለአንድ ጊዜም ቢሆን በስሌት ለመምራት ይገደዳል።

ስለ ደመወዙ እጥፍ መሆን። ፒኤምአይ በየጊዜው የደመወዝ ጥናት ያወጣል፤ ሰርተፍኬት ያላቸው ከሌላቸው የተሻለ ይከፈላቸዋል ይላል። ሁለት ነገር አስቢ። አንደኛ፣ ጥናቱን ያወጣው ሰርተፍኬቱን የሚሸጠው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ለመፈተን እንኳ 36 ወር ፕሮጀክት መምራት ግዴታ ነው። ስለዚህ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ፊቱኑም ልምድ ያለው፣ ኃላፊነት የተሰጠው ነው። የበለጠ የሚከፈለው በወረቀቱ ነው ወይስ በልምዱ? ጥናቱ ይህን አይለይልሽም።

አገር ውስጥ ዋጋው እንደ ቀጣሪው ይለያያል። ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎች፣ የቴሌኮም መሣሪያ የሚዘረጉ የውጭ ኩባንያዎች፣ የባንኮች የሲስተም ፕሮጀክቶች፤ እዚህ ማስታወቂያ ላይ «ፒኤምፒ ያለው ይመረጣል» የሚል ታያለሽ። ገንዘቡ ከዓለም አቀፍ የልማት ባንኮች በሚመጣ የማማካሪያ ጨረታም አንዳንዴ የቡድን መሪው ሰርተፍኬት ይጠየቃል። አንቺ የምትሠሪበት ዓይነት የአገር ውስጥ ተቋራጭ ግን? እሱ ዘንድ «ሰርተፍኬት» ማለት ራሱ ሌላ ነገር ነው። የክፍያ ሰርተፍኬት! «ሰርተፍኬት መሥራት ትችያለሽ?» ሲልሽ የተሠራውን ለክተሽ፣ ዋጋ አውጥተሽ፣ አማካሪውን አስፈርመሽ ብር ማስለቀቅ ትችያለሽ ወይ ማለቱ ነው። ይህን በወሩ ማብቂያ በሰዓቱ የምታደርሺ ከሆንሽ ለሱ ከየትኛውም ፒኤምፒ ትበልጫለሽ። አልቀልድም።

ግምት አልስጥሽ፤ ራስሽ ቁጠሪው። ለሁለት ሳምንት የሥራ ማስታወቂያዎችን አገላብጪ። ብትቀጠሪ ደስ የሚልሽን፣ በልምድሽ ልትወዳደሪ የምትችይውን ብቻ 40 ያህል ሰብስቢ። ከነሱ ውስጥ ስንቶቹ ፒኤምፒን በስም ይጠራሉ? ሦስት ወይም አራት ከሆኑ መልሱን አገኘሽ። 15 ከሆኑ ደግሞ እኔም ንግግሬን አለዝባለሁ።

እህትሽን በተመለከተ፣ ግማሹ ልክ ናት። የባሕረ ሰላጤው ቀጣሪዎች ፒኤምፒን ያውቁታል፤ ማስታወቂያቸው ላይም ይጽፉታል። ነገር ግን ከጎኑ የልምድ ዓመት ይጽፋሉ፤ ብዙ ጊዜም እዚያው አካባቢ የተሠራ ልምድ ይፈልጋሉ። ሁለት ዓመት ሳይት ላይ የቆየችን ልጅ ወረቀቱ ብቻውን አያስገባትም። ዱባይ እውነተኛ ዕቅድሽ ከሆነ ዲግሪሽን በትምህርት ተቋሙና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ከፒኤምፒ በፊት ይመጣል።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ ሙያ ከታዘብኩት ሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እኛ አገር ፕሮጀክት የሚዘገየው ማናጀሩ አጃይል ስላላወቀ አይደለም። የወሰን ማስከበር ሳያልቅ ሥራ ይጀመራል። እናንተ አካባቢ መቼም ይህን ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ መጥቶ መጥቶ አንድ ግቢ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ካሣው ገና ነው። ክረምቱ ይመጣል፣ ሸክላ አፈሩ ማሽን ይውጣል። የውጭ ምንዛሪ ይጠፋና ሊፍቱ ወደብ ላይ ይከርማል። ከእነዚህ አንዱንም ፒኤምፒ አያቆምልሽም። ሊያድንሽ የሚችለው ውልሽን ማወቅ ነው። አንድ የማውቀው ሥራ ነበር፤ ቦታው ተቋራጩ እጅ የገባው ወራት ዘግይቶ ነው። ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን ማንም አልካደም። ውሉ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ፊዲክ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙና) ላይ የተመሠረተ ነበርና ተቋራጩ ችግሩን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረበት። ደብዳቤው ዘገየ። ሁሉም «እናወራለን፣ አይጠፋም» ሲል ከረመ። በኋላ የጊዜ ማራዘሚያውም ካሣውም ተከለከለ፤ በላዩ ላይ የመዘግየት ቅጣት ተቆረጠበት። ሳይቱ ላይ ማስተርስ ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ያን ደብዳቤ በጊዜው የሚጽፍ አንድ ሰው ግን አልነበረም። አንቺ ያ ሰው ብትሆኚ ደመወዝሽን ለመጨመር ሰርተፍኬት አያስፈልግሽም ነበር።

ሌሎች አማራጮች አሉ፤ አጠር አድርጌ ልለፋቸው። ካፕኤም የሚባለው የፒኤምአይ የጀማሪዎች ሰርተፍኬት ልምድ አይጠይቅም፤ 23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃዋል። ለአንቺ አልመክረውም። እዚህ የሚያውቀው ቀጣሪ ጥቂት ነው፤ አንቺ ደግሞ በአንድ ዓመት ትልቁን ትደርሺበታለሽ። ፕሪንስ ቱ እንግሊዝ አገር የተጀመረ የፕሮጀክት አመራር ሰርተፍኬት ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ልምድ አይጠይቅም፤ አውሮፓ ቀመስ ድርጅቶች ዘንድ ይታወቃል። ወደ እርዳታ ድርጅት የመግባት ሐሳብ ካለሽ ፕሮጀክት ዲፕሮ የሚባለውን እይው። ለልማትና ለእርዳታ ሥራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ መመሪያ መጽሐፉም በነፃ ከኢንተርኔት ይወርዳል። መንግሥት መሥሪያ ቤትና ባንክ ውስጥ ደረጃ ለማደግ ደግሞ ማስተርስ ከሁሉም ይበልጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትን ጨምሮ የፕሮጀክት አመራር ማስተርስ የሚሰጡ አሉ። እሱ ጊዜ ይፈጃል፤ ግን እድሳት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? ዛሬ አንድ ደብተር ግዢ። ለሥራ ሳይሆን ለራስሽ። በየሳምንቱ አርብ ምን እንዳቀድሽ፣ ምን እንደወሰንሽ፣ ከማን ጋር እንደተደራደርሽ፣ ምን እንደዘገየና ምን እንዳደረግሽ ጻፊ። ያለፉትን ሁለት ዓመታትም ከኢሜይልሽና ከሳይት መዝገቡ እያየሽ፣ ሳትረሺው በወር በወር ከፋፍለሽ አስቀምጪ። ሥራሽን የሚመሰክርልሽ አለቃ ሥራ ሲቀይር ስልኩን ያዢ፤ ምርመራ ቢመጣብሽ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ሳይት ላይ ደግሞ አንድ ክፍል ሥራ ከነጊዜው ከነበጀቱ ለብቻዬ ልያዝ ብለሽ ጠይቂ። ፊኒሺንግ ቢሆን፣ ሳኒተሪ ቢሆን፣ አንዱን። የቀረው 12 ወር በዚህ ይሞላል።

35 ሰዓቱን በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርት በጣም ባነሰ ዋጋ ታገኚዋለሽ። በራስሽ መጽሐፍ ማንበብ ግን ለ35 ሰዓቱ አይቆጠርም፤ መጨረሻው ላይ ምዘና ያለው ኮርስ መሆን አለበት። ኮርሴራ ላይ ያለው የጉግል የፕሮጀክት አመራር ትምህርት አንዱ ነው፤ መክፈል ለማይችልም የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻ አለው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ፣ ከሥራ መልስ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ሜክሲኮ ወይም ቦሌ የማታ ክላስ ገብቶ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ወደ ኮዬ መመለስን አስቢው። ለሁለት ወር ትችይው ይሆናል። ግን ሰኞ ጠዋት ኮንክሪት ሙሌት አለ።

ማሠልጠኛ ካልገባሁ አይሆንልኝም ካልሽ፣ የሚያስተምሩሽ በየትኛው የፈተና ይዘት እንደሆነ ጠይቂ። ይዘቱን ፒኤምአይ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀምጠዋል፤ በየጥቂት ዓመቱም ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የተቋሙ መመሪያ መጽሐፍ ስድስተኛ እትም ውስጥ የነበሩትን 49 ሂደቶች ዛሬም የሚያሸመድዱ አስተማሪዎች አሉ። መልሳቸው «መጽሐፉን እንጨርሳለን» ከሆነ ውጪ።

ከዕቁቡ ውስጥ ጥቂቱን የሥራ መርሐ ግብር ሶፍትዌር በደንብ ለመማር አውጪ፤ ፕሪማቬራ ወይም ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት። እሱ ነገ ሳይት ላይ ይታያል። ጥቂቱን ለእንግሊዝኛ ንባብ። የቀረውን አስቀምጪው፤ በብር የምታስቀምጪው ለዶላር ክፍያ መሆኑን ግን አትርሺ፤ ምንዛሪው ወደ ላይ ከሄደ ያጥርሻል። የዛሬ ዓመት ወራቶችሽ ሲሞሉ፣ የማስታወቂያው ቆጠራም ከደገፈሽ፣ ማመልከቻውን ራስሽ ሙዪ። ከዚያ በፊት ሐሳቤን የምቀይረው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤትሽ ሥልጠናውን ልክፈል ካለ። ያኔ ዓመቱን ሳትጠብቂ ትምህርቱን ውሰጂ፤ ፈተናው ይቆየን በይ።

ለማሠልጠኛው ቀብድ ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ ክላሱ ሳይጀመር ደረሰኙን ይዘሽ ሂጂ። «ፒኤምፒ ይዘሽ ትወጫለሽ» ያሉሽን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው። አይሰጡሽም። ያኔ ብርሽን መልሱልኝ በይ።